አንድ ጥርስ

ሙሮስ ወደብ፣ ጋሊሲያ፣ ጥቅምት፣ ካፊያው ሳያባራ፣
አሮጌውን ሞተር በክሬን አነሣን፣ እኔና ሊኖ በጋራ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በናፍታ ሲያጓራ
የኖረ ብረት ነው። ወጣ።
ከጀልባዋ ሆድ የቀረው ጥቁር ውኃ፣ አንድ ባልዲ ሙሉ ጣጣ።
አዲሱ ነጭ ነው፣ ቀጭን፣ ድምፁ የልጅ፤
ብቻ የመሪው ካቴና «አላሳልፍም» አለው፤ ፈታነው በእጅ።
ምልክት አላደረግሁም።
ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁም።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ባልቢና ደወለች፦
«ሞንቾ፣ ያንተ ሥራ ነው፤ ጀልባዬ ጠማማ ሆናለች።»
«ቀጥ ብላ አትሄድም?»
«ትሄዳለች።»
«ታዲያ ምኗ ጠመመ?»
«ና ብቻ!» አለች።

ስምንት ዘንግ ያለው መሪ ነው፤ ከስምንቱ ባንዱ
ሟቹ ሌያንድሮ የጎነጎነው ቋጠሮ አለ፤ ጨው ጠጥቷል ገመዱ።
በጉም፣ በሌሊት፣ መብራት በጠፋበት፣
አውራ ጣቱ አናቱ ላይ ቋጠሮውን ካገኘበት
ያውቃል፦ ከኋላ፣ ከውኃው በታች ያለው ምላስ
አላዘነበለም፤ መንገዱ ቀጥ ነው፤ ቢያዛጋም ቢያነጥስ።
(ጀልባም እንደ ሰው ናት፤ በምላሷ ትድናለች፣ በምላሷ ትጠፋለች።)

አሁን ግን ቋጠሮው ወርዶ ከመሪው ብብት ገብቷል፤
ጀልባዋ ቀጥ ብላ፣ የሚይዛት እጅ ተጣሟል።

«ቀላል ነው» አልኋት። ቀላል ነው ባልሁ ቁጥር
መፍቻ ባሕር ይገባብኛል፤ ያም ገባ፣ የአሥራ ሦስት ቁጥር።
ምላሱን መሃል አድርጌ በገመድ ወጥሬ አሰርሁ፣
ግሪሱን ጠረግሁ፣ ካቴናውን ከጥርሱ አነሣሁ፤
አንድ ጥርስ ወደ ግራ። ደግሞ አንድ። ደግሞ ሦስተኛ።
ቋጠሮው አናት ላይ ወጥቶ እንደ ድመት ተኛ።

«እንውጣና እንየው» አለች። ከወደቡ ግንብ አልፈን
ጋዝ ስትሰጠው፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን አፍነን፣
ቋጠሮው ከአናት ወረደ፣ ወደ ግራ፣ ሁለት ጣት ያህል።
እሱን ስታቀናው ጀልባዋ ትዞራለች፤ ጀልባዋን ስታቀና እሱ ያዘነብላል።

አንድ ጥርስ መለስሁ፤ በዛና ወደ ቀኝ ሄደ።
ማክሰኞም መጣሁ፤ ሊኖ ሳቀ፤ ስሜ በወደቡ ተዋረደ።
በጥርስና በጥርስ መካከል ያለች ስንጥቅ
የምትሞላበትን ብረት፣ እኔ ሞንቾ፣ አላውቅ።

ማታ እግሬን ስታጠብ ነው ነገሩ የገባኝ፦
የድሮው ፕሮፔለር የሚሽከረከረው ወደ ቀኝ፤
ያዲሱ ወደ ግራ!
ያኛው ጀልባዋን ሲገፋት በአንድ ጎራ፣
ይሄ በሌላው ይገፋል። ሌያንድሮም ቋጠሮውን የቋጠረው
ምላሱ መሃል ሲሆን አልነበረም፤ ስትሄድ ነው፤ ሞተሩ ሲገፋ፣ እሱ ሲመልሰው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ቀጥ» ስንለው የኖርነው
የሁለት ግፊት እርቅ ነው።

ረቡዕ ለባልቢና ነገርኋት። ዝም አለች።
ከዚያ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን በጥርሷ ያዘች፤
(ጨው ያጠበቀው ገመድ በጣት እሺ አይልም)
ፈታችው። አላለቀሰችም። እኔንም አላየችኝም።
ባሕር ላይ ወጣን። መሪውን ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ አድርጋ፣
ጀልባዋ ቀጥ ስትል እጇ የት እንዳረፈ አየች፤ ልቧም ረጋ።
እዚያ ቋጠረችው። ዘንጉ ላይ አይደለም፤
ከክቡ ላይ፣ በሁለት ዘንግ መካከል፣ የኔ ጥርስ ከማይደርስበት ዓለም።

ሂሳብ ላይ ተጣላን። «የሦስት ቀን አልከፍልም፤
ያልገባህ አንተ ነህ፤ እኔ ትምህርት ቤት አይደለሁም።»
ግማሹን በገንዘብ ሰጠችኝ፣ ግማሹን በኦክቶፐስ፤
ባልዲ ውስጥ ነው፣ አልሞተም፤ እስከ ቤቴ ድረስ
ስምንት እጁን ሲዘረጋ፣ ሲያጥፍ፣ ሲያዞር፣
የቱ አናት እንደሆነ ሳይጨነቅ፣ ያለ ምልክት፣ ያለ ክር።